የብርሃን ሸራና አራተኛው ዓምድ

ባለፈው ሳምንት የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት የማስቀምጥበት ካርቶን ስፈልግ፣ አልጋ ሥር ካለው ሻንጣ ውስጥ አንድ ባለ ካሬ ደብተር አገኘሁ። ልባዱ ድሮ ሰማያዊ ነበር። ስከፍተው የጥጥና የእርጥበት ሽታ ወጣ፤ የልጅነት ቤታችን ሽታ። በየገጹ በማስመሪያ ያሰመርኳቸው አራት ዓምዶች አሉ። ሦስቱ ቀን፣ ሰዓት፣ ከየት ወደ የት ይላሉ። አራተኛው ላይ የተጻፈው "አባዬ" ብቻ ነው። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ አንድን ነገር በሠንጠረዥ ካላስቀመጥኩት በእርግጥ የሆነ አይመስለኝም ነበር።

የምንኖረው ሽሮ ሜዳ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። አባዬ ሸማኔ ነው። የሽመና ጉድጓዱ ቤታችን ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ነበር፤ እግሮቹን እዚያ ከትቶ መርገጫዎቹን ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ እያለ ቀኑን ሙሉ ይረግጣል። ትንሽ ሳለሁ ከወገቡ በታች ያለው አባዬ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። ከመሬት በታች የሚኖር፣ ማታ ማታ ብቻ የሚወጣ።

በዚያ ዓመት የሳይንስ መምህራችን በፀሐይ ብርሃን እየተገፋች ስለምትሄድ መንኮራኩር ነገረን። ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃን ክብደት ባይኖረውም ያረፈበትን ነገር ይገፋል። ግፊቱ እጅግ ትንሽ ስለሆነ አይሰማንም። ከፀጉር የቀጠነና እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ሰፊ ሸራ አየር በሌለበት ቦታ ቢዘረጋ ግን፣ ፀሐይ ሳትቸኩልና ሳታቋርጥ ትገፋዋለች። ይህችኛዋ እየተገለባበጠች ነበር የምትሄደው፤ ስለዚህ ከምድር ሲያዩዋት ብልጭ ትላለች፣ ትጠፋለች፣ እንደገና ብልጭ ትላለች፤ እየጨፈነ የሚገልጥ ዓይን ይመስል።

ከሱቁ ጎን የኢንተርኔት ቤት የነበረው ጎረቤታችን ሙክታር በከተማችን ላይ የምታልፍበትን ሰዓት በየሳምንቱ ያትምልኝ ጀመር። ወረቀቱን ይዤ ወደ አባዬ ሮጥኩ።

"ሸራው ድሩ ስንት ነው?" አለኝ መወርወሪያውን ሳያቆም።

"ድር የለውም። ማግም የለውም።"

"ድርና ማግ ከሌለውማ ጨርቅ አይደለም። ቆዳ ነው።" መወርወሪያውን አንዴ ወርውሮ፣ "የማን ቆዳ ይሆን?" አለ። እየቀለደ እንደሆነ ባውቅም ፀጉሬ ቆመ።

"ብርሃን ነው የሚገፋው፣ አባዬ።"

"እኔንስ ለምን አይገፋኝም?"

"ከባድ ስለሆንክ።"

"እናትሽ ናት ይህን ያስተማረችሽ" አለና ሳቀ። እማዬ ከጓዳ ሆና፣ "አዎ፣ እኔ ነኝ" አለች።

በየካቲት የመጀመሪያው ምሽት ከቤታችን በላይ ካለው ድንጋይ ላይ ቆምን። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች አልፈዋል፤ የባሕር ዛፉ ሽታ ብቻ ቀርቷል። አባዬ ትከሻዬን ይዞ ነበር። ሰዓቴን አይቼ "አሁን!" አልኩ፤ በእንጦጦ በስተግራ ብልጭ አለች። በእጄ እያሳየሁት አናታችን ላይ እስክትደርስ ተከተልኳት። ከዚያ ድንገት "ጠፋች!" አልኩ። አባዬ፣ "ጉድጓዷ ገባች" አለ። በኋላ አንብቤ እንደተረዳሁት የምድር ጥላ ውስጥ ነው የገባችው፤ ጉድጓድ ከማለት ብዙም አይርቅም። በአራተኛው ዓምድ ላይ "አየ" ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥሉት ምሽቶች ከየት ወደ የት እንደምታልፍ ከወረቀቱ ካነበብኩለት በኋላ፣ ትከሻዬን መያዝ ትቶ ራሱ በጣቱ ያሳየኝ ጀመር፤ ገጹ በ"አየ" ተሞላ።

ሚያዝያ ሲገባ ተሳሳትኩ። ሙክታር የሚያትምልኝ በፈረንጅ ቀን ነው፤ ወደ እኛ ስመልሰው በመጋቢት ዘጠኝ ቀን እቀንስ ነበር። በሚያዝያ የሚቀነሰው ስምንት ነው። ረስቼው አባዬን አንድ ቀን አስቀድሜ ይዤው ወጣሁ።

ሰማዩ ከዝናብ በኋላ ጥርት ብሎ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ "አሁን" አልኩ። ምንም የለም። የዘገየች መስሎኝ ጠበቅኩ። አባዬ ግን ጣቱን አነሳ።

"ያቻትልሽ። ዛሬማ ደምቃለች።"

ጣቱን ተከትዬ አየሁ። ጫፉ ላይ ኮከብ እንኳ አልነበረም። ጣቱ ባዶው ሰማይ ላይ በዝግታ ይሄዳል፤ አባዬም በሹክሹክታ "ብልጭ... ብልጭ..." ይላል። ዓይኔን ወደ መሬት ስመልስ እግሮቹን አየኋቸው። ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ፣ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ ሰው ሣሩን ይረግጣሉ። ከዚያ እግሩም ጣቱም እኩል ቆሙ።

"ገባች" አለ።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት የእጣቢ ውኃ ልደፋ ስወጣ መንኮራኩሯ አለፈች። አባዬ ትናንት በጣቱ ባሳየኝ መንገድ ሄዳ፣ ጣቱ በቆመበት ቦታ ጠፋች። ለሁለት ቀን አባዬ የነገን የሚያይ ሰው መስሎኝ፣ እራት ላይ ፊቱን ማየት ፈራሁ። ከዚያ ስሌቴን መረመርኩና ስህተቴን አገኘሁት። ታዲያ አባዬ ባዶ ሰማይ ላይ ምን አየ? አንድ ስሌት ከተስተካከለ ሌላው መፈተን አለበት። ማክሰኞ፣ ምንም በማያልፍበት ምሽት፣ "አሁን" አልኩት፤ ጣቱን አነሳ። በምታልፍበት ምሽት ደግሞ ዝም አልኩ። ከራሳችን በላይ ብልጭ፣ ብልጭ እያለች መጣች። አባዬ ዓይኑን ገልጦ በቀጥታ ወደ እሷ እያየ፣ "ዛሬስ ዘገየች" አለኝ።

"ደመና ነው፣ አባዬ" አልኩ።

"ደመና የለም። ደመና ሲኖር እንዲህ አይበርድም።" ድንጋዩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። "ከመቼ ጀምሮ አወቅሽ?"

"ከማክሰኞ።"

"በመርፌ ቀዳዳ እንደማየት ነው። ከፊቴ ያለውን ክር አያለሁ፤ ሰማይ ግን ሰፊ ነው። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። የፋሲካውን ጋቢ ልጨርስ።"

ጥለት መሥራት ትቶ ተራ ጋቢ ብቻ መቀበል የጀመረው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እማዬ ካወቀች ጉድጓዱን ታስደፍነዋለች፤ ጉድጓዱ ከተደፈነ ደግሞ ምን እንደምንበላ አላውቅም። ዝም አልኩ። ፋሲካ አልፎ፣ ጋቢዎቹ ተሸጠው አልቀውም ዝም አልኩ። ለዚህኛው ዝምታ ምክንያቱ ጋቢ አልነበረም። ብናገር ከአባዬ ጋር ዳገቱ ላይ የምቆምበት ምሽት የሚቀር መሰለኝ። ስለዚህ በሰዓቱ "አሁን" እላለሁ፣ እሱ ጣቱን ያነሳል፣ እኔም "አየ" ብዬ እጽፋለሁ።

ሰኔ ላይ አባዬ የገዛ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ። እማዬ በማግስቱ ጳውሎስ አካባቢ ወዳለ የዓይን ክሊኒክ ወሰደችው፤ እኔም ደብተሬን ይዤ ተከተልኳቸው። ሐኪሟ ዓይኑ ውስጥ ግፊት እንዳለ ነገረችን። ትንሽ ግፊት ነው፣ ስለማያም ሰው አያውቀውም፤ ግን ሳያቋርጥ ይገፋል አለች። ይህን ከዚህ በፊት የሰማሁት ስለ ሌላ ነገር ነበር።

"መቼ ጀመረዎት?" አለችው።

"ቅርብ ነው።"

ደብተሩን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ገጾቹን ገለጠችና፣ "ይህ 'አየ' የሚለው ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ውሸት ነው" አልኩ።

"ከየትኛው ጀምሮ?"

የሚያዝያውን መስመር በጣቴ ነካሁ። አባዬ ደብተሩን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ጣቴን ያዘና ወደ ላይ ገፋው። ገጹን ገለጠ፤ እንደገና ወደ ላይ። መጋቢትን አለፈ። ከመጀመሪያው ገጽ የመጀመሪያ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ።

አንድም ቀን አላያትም። የመጀመሪያው ምሽት ትከሻዬን ይዞ የክንዴን መንገድ አጥንቷል፤ ከ"አሁን" እስከ "ጠፋች" ያለውን ጊዜ ደግሞ በእግሩ ቆጥሯል። ሸማኔ የረገጠውን አይረሳም። የቀኝ ዓይኑ አልቆ ነበር፤ ግራውን በጠብታ ጥቂት ዓመታት ማቆየት እንደሚቻል ተነገረን። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ስንት ሳምንት እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ግን እስከ ዛሬ እቆጥረዋለሁ።

አሁን ግራውም ጨልሟል። እኔ እዚሁ ጉለሌ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የድሮዋ መንኮራኩር ወደ ምድር ወድቃ ከተቃጠለች ቆይታለች፤ ዛሬ ሌላ፣ ከሷ የሰፋ ሸራ ያላት ወጥታለች። ተማሪዎቼ ስልካቸው ሁሉንም ይነግራቸዋል፤ ስምንትና ዘጠኝ መቀነስ የለም፣ ወረቀት የለም። እኛ አንገታችን እስኪደነዝዝ ሰማዩን እናይ ነበር፤ እነሱ ስልኩን አይተው፣ ሰማዩን በጨረፍታ አረጋግጠው፣ እየተሳሳቁ ይወርዳሉ። ደስ ይለኛል፤ ትንሽም ይቆጨኛል።

ባለፈው ሐሙስ እንጦጦ በደመና ስለተሸፈነ፣ እሷን ለማየት ዳገቱ ላይ የተሰበሰቡትን ተማሪዎች ቀድሜ አሰናበትኩ። ቤት ስደርስ አባዬ ደጅ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ስልኬ ተዘግቶ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አዲሷ መንኮራኩር በዚያ ምሽት እንደምታልፍ አልነገርኩትም፤ "አሁን" ያለውም ሰው የለም። እሱ ግን ጣቱን አነሳ። እግሮቹ ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ መርገጥ ጀመሩ። ጣቱ ከደመናው ላይ በዝግታ ሄዶ አንድ ቦታ ቆመ።

"ገባች" አለ።

ስልኬን አውጥቼ ከፈትኩ። በዚያችው ደቂቃ ጥላው ውስጥ ገብታለች። በሥራዬ ለማላውቀው ነገር ማብራሪያ መፈለግ ለምጃለሁ፤ ለዚህ ግን እስካሁን አላገኘሁለትም፣ ለተማሪዎቼም አልነገርኳቸውም። ያን ጊዜ ጣቱ ባዶ ሰማይ ላይ ሲሄድ ፈርቼው ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን ጣቱ ከወረደ በኋላም ያን የቆመበትን ቦታ ሳይ ቆየሁ።

የድሮውን ደብተር መጨረሻ ገጽ ገለጥኩ። ባዶ መስመሮች ቀርተውታል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከየት ወደ የት እንደሄደች ሞላሁ። አራተኛው ዓምድ ላይ ስደርስ ቆም አልኩና፣ "አየ" ብዬ ጻፍኩ።