ለድርቆሽ የተሰጠ በሬ

በደብረ ኤልያስ ገጠር ብዙው ሰው ድርቆሽ የሚያበላው ከክምሩ ጎን እየነጨ በመበተን ነው፤ ከብቱም ግማሹን በልቶ ግማሹን በእበት ለውሶ ይተወዋል። የብርጓልን ግን እንዲህ ያለ ብክነት ያንገበግባታል። ከክምሩ ሥር በጓሮ በኩል ትስባለች፣ የጨው ውሃ ትረጭበታለች፣ ከዚያ ጠምዘዝ እያደረገች በሬዋን ቦራን በእጇ ታጎርሰዋለች። «ባሏን እንዲህ ብታጎርሰው!» እያሉ ጎረቤቶቿ ይስቁባታል። ይሳቁ! በበጋ የሰው በሬ ከስቶ ሲንገዳገድ የቦራ ቆዳ ያብረቀርቅ ነበር።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ በኋላ ይህ ልማዷ ሌላ ሥራ ሠራ። የተሳበው ቦታ ዋሻ ሆነ፤ የብርጓል በእንጨት ደግፋ፣ ጭኑን በጥይት የተመታውን አርበኛ ባሏን አስማማውን እዚያ ደበቀችው።

አንድ ጠዋት እንዳላማው ለበቅሎ የሚሆን ድርቆሽ ሊጭን የጣሊያን ወታደሮች አስከትሎ መጣ። የዚያው መንደር ልጅ ነው፤ ባንዳ ከሆነ ቆይቷል። ወታደሮቹ ክምሩ ላይ ወጥተው ከአናቱ ይገፈትሩ ጀመር። ትንሽ ቢቆዩ ጣራው ከነሰዎቹ አስማማው ላይ ይደረመሳል። የብርጓል ወደ እንዳላማው ሮጠች።

«እንዳላማው፣ ወንድሜ! ድርቆሹን ተዉልኝ፣ በሬውን ውሰዱ!»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ስህተቷ ገባት። ድርቆሽ የሚከመረው ለበሬ ነው፤ በሬውን ሰጥቶ ድርቆሽ የሚያስቀር ምን ዓይነት ገበሬ ነው? ጣሊያኖቹ አይገባቸውም። እንዳላማው ግን የገበሬ ልጅ ነው።

እሱም በጓሮ ዞረና ከሥር የተሳበውን ዋሻ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። የብርጓል ሥላሴን መጥራት እንኳ ጠፋት።

እንዳላማው ቀና አለ። በሰባራ ጣሊያንኛው «ውረዱ! ሻግቷል፣ በቅሎዎቹን ይገድላል!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ቦራን ፈትቶ እየነዳ ሄደ፤ ዞር ብሎም አላያትም።

አስማማው ዳነ። መሬታቸው ግን ጦም አደረ፤ የብርጓልም ለቦራ ልጅ እንደሞተባት አለቀሰች።

ጣሊያን ሲወጣ መንደሩ ባንዳዎቹን ሸንጎ ፊት አቆመ። እንዳላማው አንገቱን ደፍቷል። ሽማግሌዎቹ ወደ የብርጓል ዞሩ።

«በሬሽን የወሰደብሽ ይሄ ነው፤ ተናገሪ እንጂ!»

የብርጓል ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

«አልወሰደብኝም» አለች። «ባሌን የሰጠኝ ዕለት እኔ ነኝ የሰጠሁት።»