ለሁለት ሰው የተሠራው ጀልባ

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ስልክ ማዞሪያ ላይ የሚሠራውን ሰው ሠራተኛው የሚያውቀው “ጋሽ ሃሎ” በሚለው ስም ነው። ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ አያይም። “ግድግዳ ጆሮ አለው የተባለው ላንተ ነው” እያሉ ይቀልዱበታል፤ ደዋዩ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ ማን መሆኑን ይለያላ።

ከሥራ መልስ ጨዋታ አለው። እንደሱ ዓይነ ስውር የሆነ አንድ ሰው፣ ኩባንያም አለቃም ሳይኖረው፣ ብቻውን ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ የሚሠራቸው የድምፅ ጨዋታዎች ናቸው። ሥዕል የላቸውም። ጠላት በቀኝ ጆሮ ይመጣል፣ በር በግራ ሲጢጥ ይላል፣ ጋሽ ሃሎም ከወንበሩ ሳይነሣ ጫካ ያቋርጣል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ግን የሚታያት ባዶ ስክሪን ፊት የሚወራጭ ባል ነው።

“ሰው ቤቱ ተቀምጦ ይጠፋል? ጣውንት ብትመጣብኝ እንኳ መልክ ይኖራት ነበር” ትለዋለች።

በቅርቡ ጨዋታ ሠሪው ሰውየ ለሁለት የሚሆን ጨዋታ አወጣ። አንዱ ጀልባ ይቀዝፋል፤ ሌላው ውሃው ከአለት ጋር ሲላተም እየሰማ ይመራል። ጋሽ ሃሎ በስልክ የሚያገኛቸው የጨዋታ ጓደኞች አሉት፤ የፈለገው ግን ሚስቱን ነው። ለምኖ ለምኖ እሁድ ከሰዓት እሺ አሰኛት።

“አንዴ ብቻ። ካልሆነልኝ ሁለተኛ እንዳታነሣብኝ።”

“እሺ፣ ቃሌ ነው።”

ጥሩውን ማዳመጫውን ለእሷ ሰጥቶ አሮጌውን አጠለቀ።

“አለቱ በግራ ነው፤ ወደ ቀኝ ቅዘፍ” አለች። ቀዘፈ፤ ጀልባው አለቱ ላይ ወጣ።

“ይሄ አይቆጠርም፤ ማሟሟቂያ ነው” አላት።

እንደገና ሞከሩ። እንደገና ተሰበረ።

“የኔ ጆሮ ለዚህ አልተፈጠረም” ብላ አወለቀችው።

ሊያስቀምጠው ሲያነሣ ጣቱ አንድ ነገር ፈልጎ አጣ።

“እዚህ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ነበር።”

“ያ ያደፈው? ጠዋት ስወለውል ላጥኩት።”

“ግራዬ እኮ ነው። በሱ ነበር የምለየው።”

ለካ ገልብጣ አድርጋው ኖሯል።

“ጎበዝ፣ ቤቱን ስትወለውዪ ግራና ቀኜን አብረሽ ጠርገሽዋል” አለ። ድገሚልኝ ግን አላላትም፤ ቃሉን ሰጥቷል። ሽቦውን ቀስ እያለ ይጠቀልል ጀመር።

ሚስቱ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች። የልብስ ቁልፍ የምታጠራቅምበት ቆርቆሮ ሲንኮሻኮሽ ሰማ።

“የቱ ነው ግራው?”

አጥልቆ ለየላት። በማዳመጫው ጨርቅ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ ሰፋችበት፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቁልፉ ያለበትን ጎን በግራ ጆሮዋ አድርጋ ተቀመጠች።

“ምን ትጠብቃለህ? ያኛው እንደሆነ ማሟሟቂያ ነው ብለሃል።”

የመጀመሪያውን አለት በሰላም አለፉ። ሁለተኛው ላይ ተላተሙ፤ የዚያኛው ጥፋት ግን የቀዛፊው ነበር፤ እሷም ሳትነግረው አላለፈችም።