ለወንድሜ ብዬ ፉሪ ላይ የተራብኩት

ከድሬዳዋ ልወጣ በዋዜማው ምሽት ግቢያችን የሠርግ ቤት መስሎ ነበር። ባቡሩ የሚነሳው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ ጎረቤቱ ግን ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ከተሰገደ ጀምሮ ይጎርፍ ጀመር። ባዶ እጁን የመጣ ደግሞ አንድም የለም። አንዷ ባቅላባ በትሪ፣ አንዷ ሙሸበክ በፌስታል፣ አንዷ ዘይቱ ገና ያልተንጠፈጠፈ ባጂያ ይዛ ትገባለች። «ለመንገድሽ» ይሉኛል። አቦ፣ የምሄደው በባቡር ነው እንጂ በግመል አይደለም ብላቸው የሚሰማኝ የለም። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ የምሄድበት ጉዳይ ነው። እኔ ፈቲያ፣ የሰፈሩ ሳምቡሳ ጠባሽ፣ አዲስ አበባ የምሄደው ክብደት ለመቀነስ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከማል አዲስ አበባ፣ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ ብዙ ዓመቱ ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደከሙና ሕይወቱ ደሙን ከሚያጥብለት ማሽን ጋር ታሰረች። ቤተሰቡ ሁሉ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ተመርምሮ የእኔ ገጠመ። እልል ብለን ሳንጨርስ ግን ሐኪሟ፣ እርጋታዋ የሚያስፈራ ወጣት ሴት፣ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ኩላሊትዎ ጎበዝ ነው። ክብደትዎ ግን በቀዶ ጥገናው ለራስዎ ያሰጋል። መጀመሪያ ይቀንሱ፤ ቀስ ብለው፣ እኛ እየተከታተልንዎ» አለችኝ። «ኩላሊትዎ» ስትል ከኋላዬ ማን አለ ብዬ ዞር አልኩ። እናንተው ታውቁታላችሁ፣ እኛ ድሬ ሽማግሌውንም ሹሙንም አንተ ብለን ነው ያደግነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን እኔ ብቻዬን ሆኜ ብዙ ሰው ነኝ።

ያን የዋዜማ ምሽት እንግዳው ሲሄድ እናቴ፣ ኡሚ፣ አጠገቤ ተቀመጠችና ክንዴን እንደ ሊጥ እያሸች፣ «ይህን ሥጋ ለማልበስ ስንት ዓመት ፈጀብኝ፤ ሐኪሟ በአንድ ክረምት አራግፊው ትልሻለች?» አለች። ሳቅን። ወዲያው ደግሞ ድምጿ ተሰበረ። «ሁለት ልጆቼን በአንድ ቀን ቢላዋ ሥር ላስተኛ ነው፤ ሁለታችሁም ተመለሱልኝ» አለችኝ። ኢንሻአላህ አልኳት።

ባቡሩ ውስጥ የመጨረሻዬ ነው እያልኩ አንድ ሳምቡሳ አወጣሁ። አዋሽ ሳንደርስ የስንቄ ዘንቢል ባዶ ነበር።

ለቡ ጣቢያ ስወርድ ፊቴን የመታኝን ብርድ መቼም አልረሳው። ክረምት ነው። ድሬ ሙቀቱ ራሱ ግማሽ ሆድ ይሞላል፤ ሰው ከሰዓት በኋላ ውሃ ጠጥቶ ጥላ ሥር ቢጋደም ምግብ ትዝ አይለውም። እዚህ ብርዱ በአጥንት ገብቶ በሆድ ይወጣል። ከማል ካፖርት ለብሶ ቆሟል፤ ከስቷል፣ ፊቱ ደግሞ አብጧል። እሱ ግን ያው ከማል ነው። «አንዲት እህት ትመጣለች ብዬ ብወጣ ሁለት ላኩልኝ!» አለና አቀፈኝ።

እሱ ከሥራ ባልደረባው ጋር አንዲት ክፍል ስለሚጋራ ለእኔ ፉሪ ቤት ፈልጎልኛል። አከራዬ አዴ ዲንቄ ይባላሉ፤ አዴ በኦሮምኛ እንደ እማማ ነው። አፓርታማውና ኮንዶሚኒየሙ ከመምጣቱ በፊት አካባቢው የአባታቸው የጤፍ ማሳ ነበር፤ አሁን የቀራቸው ግቢው፣ የሚያከራዩዋቸው ክፍሎችና አራት ላሞች ናቸው። የድሬን ኦሮምኛ እየቀላቀልኩ ሰላም ስላቸው፣ «የሐረር ሰው እንዴት ነው የሚጮኸው!» ብለው ሳቁና ምርመራቸውን ጀመሩ።

«ሥራሽ ምንድነው?»

«አሁን ሥራዬ መቅጠን ነው።»

«ይከፈልበታል?»

«የለም፣ አዴ።»

«ቡታጋዝ ታበዢያለሽ? ዘይት ታቃጥያለሽ?»

«ኧረ እኔ ብዙም አልበላም።»

ይሄኔ ቁልፉን ወደ ቀሚሳቸው ኪስ መለሱት። «የማይበላ ተከራይ አልፈልግም። በቤቴ ሰው በረሃብ ሞተ ተብሎ ቢወራ ማን ይከራያል? ላም እያረባሁ!» ከማል ነው እሺ ያሰኛቸው። የመጣሁበትን ምክንያት ቁጭ ብሎ ሲነግራቸው እስከ መጨረሻው ሰሙና ቁልፉን አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። ስለ ቡታጋዙ ሁለተኛ አላነሱም።

እንግዲህ ስለ ረሃቡ ልንገራችሁ፤ ይህን የምጽፈው ስንቶቻችሁ በዚሁ ጉዳይ እንደምትሰቃዩ ስለማውቅ ነው። እኔ ረሃብ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ረመዳንን ጾሜያለሁ። ለካ የረመዳን ረሃብ ጓደኛ አለው። አገሩ ሁሉ አብሮሽ ይራባል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ቴምሩ ይመጣል። ይህ ረሃብ ግን ማፍጠሪያ መግሪብ የለውም። በልተሽም ከማዕድ ተርበሽ ትነሺያለሽ። ጠዋት አብሮሽ ይነቃል፣ ታክሲ ውስጥ አብሮሽ ይሳፈራል፣ ሶላት ላይ እንኳ ከጎንሽ ይቆማል። አንድ ቀን ሱጁድ ላይ፣ ግንባሬ መሬት ነክቶ፣ ያሰብኩት የሩዝ በስጋ ድስት ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

አዴ ዲንቄ ቅቤ ሲያነጥሩ ኮረሪማው በክፍሌ በር ሥር ሾልኮ ይገባል። ሀይሌ ጋርመንት ስወርድ ደግሞ ዳቦ ቤቱ፣ ጥብስ ቤቱ፣ በቆሎ የምትጠብሰዋ ሴት፣ ሁሉም የተማከሩብኝ ይመስለኛል። ጎረቤቶች ነይ ብዪ ብለው ሲጠሩኝ አይሆንልኝም ስል ይከፋሉ። የአዲስ አበባ ሰው አንዴ እንቢ ብትይው አይለቅሽም፤ «በሞቴ» ይላል። በየቀኑ በእኔ ምክንያት ስንት ሰው እንደሞተ!

ከማልን ወደ ማሽኑ ይዤው የምሄድባቸው ቀናት ግን ረሃቤን አቀለሉልኝ። የእሱ ረሃብ ደግሞ ውሃ ነው። ሽንቱ ስለቆመ የሚጠጣው ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚፈቀድለት ጥቂት ጉንጭ ብቻ ነው። እሷንም ቅራጭ ሎሚ እየላሰ ያሳልፋታል። እኔ በዓይኔ ዳቦ ስከተል እሱ በዓይኑ የሃይላንድ ጠርሙስ ይከተላል።

«ምን እያሰብክ ነው?» እለዋለሁ ታክሲ ውስጥ።

«ከፍሪጅ የወጣ፣ ላቡ የሚንጠባጠብ ውሃ። አንቺስ?»

«ፈጢራ። እንቁላሉ በዝቶ፣ ማር ፈሶበት።»

«ማሩን ለእኔ ትተሽ ብትበዪው?»

«ማር ያስጠማል፤ አንተ አይሆንህም።»

«እሺ፣ እኔ ውሃዬን ስጠጣ አታይኝም፣ አንቺ ፈጢራሽን ስትበዪ አላይሽም።»

ተሳፋሪው ያየናል። እኛ በሌለ ምግብ ተጣልተን፣ በሌለ ውሃ ታርቀን እንወርዳለን።

ሁሌ ግን ጀግና አልነበርኩም። አንድ ከሰዓት በኋላ ጎፋ በኩል ሳልፍ ዝናቡ ያዘኝና አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። ከበረንዳው ጥግ ቦምቦሊኖ ይጠበሳል። አንድ ብቻ አልኩ። ከዚያ የሆነውን በደንብ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ስኳር ከከንፈሬ ላይ ስጠርግ ባለቤቷ፣ «ዝናቡ ካባራ ቆየ እኮ፣ እህቴ» ስትለኝ ነው። ከዚያች ቀን በኋላ መንገዱ ተከፈተ፤ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ።

በቀጠሮዬ ቀን ሆስፒታሉ ሚዛን ላይ ስወጣ ቁጥሩ እንደመውረድ ጨምሯል። ከማል በሩ አጠገብ ቆሞ ያያል። ዓይኑን ወደ ጫማው ጣለ። ከንግግር ሁሉ ያ ይብሳል። ሐኪሟ እሱን በትህትና አስወጥታ በሩን ዘጋች።

«ዶክተር፣ ረሃቡ አያቆምም» አልኳት፤ እንባዬ መጣ። «አንዴም አያቆምም።»

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። «አዎ፣ ይርብዎታል» አለችኝ። «ሰውነትዎ የለመደውን እየጠየቀ ነው። ጽናት ስላነሰዎት አይደለም። ምግብ በጣም ቀንሰዋል መሰለኝ፤ ምን ይበላሉ?»

ነገርኳት። ከጠዋት እስከ ቀትር ባዶ ሆዴን ውዬ፣ ቀትር ላይ ጎመን በልቼ፣ ማታ ሻይ ጠጥቼ እተኛ ነበር።

«ይህማ ጦርነት ነው» አለች። «ቁርስ ይብሉ። ምስር፣ እንቁላል፣ ሆድ የሚይዝ ነገር። ረሃቡ ሲመጣ ደግሞ እንደ እንግዳ ይዩት፤ ትንሽ ቁጭ ይላል፣ ይሄዳል። ሁሌም ማብላት የለብዎትም።»

እንደ እንግዳ! ለድሬ ሰው ይህን ማለት እንግዳ ሳያበሉ መሸኘት ነው፤ ነውር ነው። ግን ገባኝ።

ቤት ስደርስ አዴ ዲንቄ ዓይኔ መቅላቱን አይተው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉዳዩ የእሳቸው ሆነ። ቅቤው የወጣለት አሬራ በየጠዋቱ ከምስሬ ጋር ይመጣልኛል። «ይሄ ወተት አይደለም፣ የወተት ጥላ ነው፤ አያወፍርም» ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ረሃቡ በሚበረታበት ሰዓት የክፍሌን በር በዱላ ይመቱና፣ «ነይ፣ ላሞቹ ይጠብቁናል» ይሉኛል። ላሞቹን አስቀድመን በሐና ማርያም በኩል ገና ቤት ወዳልተሠራበት ሜዳ እንወጣለን። ጭቃው ጫማዬን እየጎተተ፣ እሳቸው በስልሳ ምናምን ዓመታቸው እንደ ፍየል እየቀደሙኝ። መፋቂያ ቆርጠው ይሰጡኛል፤ ጥርሴን እየፋቅኩ ስሄድ አፌ ሥራ ያገኛል፣ ረሃቡም ቁጭ ብሎ ቁጭ ብሎ ይሄዳል። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ብቻዬን አለመራቤ ነው። ፍልሰታ ሲገባ እሳቸውም ጾሙ፤ «ይኸው፣ አሁን እኩል ነን» አሉኝ። እንደ ረመዳን ጓደኛ አገኘሁ።

ቀሚሴ ይሰፋኝ ጀመር። ሚዛኑ ሲወርድ ሌላ ጣጣ መጣ። ለጋሹ ዘመድ መሆኑ በወረቀት መረጋገጥ አለበት፤ የድሬውን ማስረጃ ይዘን ወረዳ ሄድን። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው እኔን አየ፣ ከማልን አየ፣ መልሶ እኔን አየ።

«ወንድምዎ ነው?»

«የእናቴና የአባቴ ልጅ።»

«አትመሳሰሉም እኮ። እሱ ክር ነው፣ እርስዎ ደግሞ...» ቃል አጣ።

«ልጨርስልህ? የክሩ ድውር።»

ከማል መሳቅ ጀመረ። ሰውየው ግን የምሩን ነው። «ምስክር ያስፈልጋል፤ የሚያውቃችሁ የአካባቢው ነዋሪ።»

«ድሬ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀናል!»

«ይህ ድሬ አይደለም፣ እህቴ።»

በማግስቱ አዴ ዲንቄ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። «እማማ፣ እህትና ወንድም መሆናቸውን በምን ያውቃሉ?» ሲላቸው ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «ሲጣሉ ሰምቻለሁ» አሉ። «ባዳ እንዲህ አይሰዳደብም። ባልና ሚስትም ተሰዳድቦ ወዲያው እንዲህ አይስቅም። ማኅተሙን አምጣ፣ ልጄ፣ ላም ጠብቃኛለች።» ሰውየው ራሱ ሳቁን መያዝ አቅቶት መታልን።

የመስቀል ደመራ ካለፈ በኋላ ሐኪሟ ሚዛኑን አይታ ፈገግ አለች። ፈገግታዋን ያኔ ነው ያየሁት። ቀን ቆረጠችልን።

ስለ ቀዶ ጥገናው የማወራው የለኝም፤ ተኝቼ ነበር። ስነቃ ጎኔ እንደ እሳት ይለበልባል፣ ጉሮሮዬ ደርቋል። «ከማልስ?» አልኩ። ነርሷ ጎንበስ አለችና፣ «ወንድምዎ እየሸና ነው» አለችኝ። «ኩላሊትዎ ገና እዚያው ቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ ሥራ ጀመረ።» አልቅሼም ስቄም አላውቅም እንዲህ፤ ሁለቱም ስፌቱን ስለሚያሳምሙኝ ትራሱን አቅፌ ተንቀጠቀጥኩ።

ስልክ እንዲሰጡኝ ለመንኩ። ኡሚ አንድ ጊዜ ጠርቶ ሳይጨርስ አነሳችው።

«ፈቲያ?»

«ኡሚ፣ ከማል ሸና!»

ቀጥሎ የሰማሁት እልልታ ስልኩን የሚሰነጥቅ ነበር። ከበስተኋላዋ ጎረቤቶቹ፣ «ምንድነው? ምን ተገኘ?» ይላሉ። «ልጄ ሸና!» ትላለች እናቴ፣ «ልጄ ሸና!» የሠላሳ ሰባት ዓመት ሰው ሸና ተብሎ ግቢው ሙሉ እልል አለ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ አንዷ ትመርቀኛለች፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ ደግሞ ከስቼ እንደሆን ትጠይቀኛለች።

በመጨረሻ ኡሚ ስልኩን ቀምታ ወደ ጓዳ ገባች መሰለኝ፤ ጫጫታው ራቀ።

«ሁለታችሁንም አንድ ላይ ልያችሁ» አለች። «መቼ ትመጣላችሁ?»

ከማል ገና ለረጅም ጊዜ ከሐኪሞቹ መራቅ አይችልም። ጨው የሌለው፣ ንጹሕ ምግብ የሚሠራለት ሰው ያስፈልገዋል፤ የፉሪዋ ክፍሌም ትጠብቀኛለች። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ሜዳና ያቺን ባልቴት ለምጃቸዋለሁ። ድሬም ከዓይኔ አትጠፋም።

«ኡሚ፣ እሱን ገና አላውቅም።»

«እሺ» አለች። አልዘጋችውም። እኔም አልዘጋሁትም። እሷ እዚያ በሙቀቱ፣ እኔ እዚህ በብርዱ፣ ስለ ከማል የመጀመሪያ ብርጭቆ ውሃ እናወራ ጀመር።