በራሴ ላይ ያልኩት አሜን

ግዝቱ የተነገረው በነሐሴ ነው፤ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ። የኔታ መስቀላቸውን ይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ቆሙና፣ «ጓሳ ሳይከፈት ገብቶ ሣር ያጨደ፣ የታጨደውን የተሸከመ፣ አይቶም የደበቀ፣ መጥቶ እስኪናገር ድረስ በሐዋርያት ሥልጣን የተገዘተ ይሁን» አሉ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «አሜን» አለ። እናቴም ከጎኔ ሆና «አሜን» አለች። እኔም አልኩ።

ያጨድነው እኛ ነበርን።

ጓሳ፣ ከመንደራችን በላይ ያለው የሣር መሬት፣ የሁላችንም ነው። ሣሩ እንዲያድግ ለዓመታት ይዘጋል፤ የሚከፈትበትን ቀን ሽማግሌዎች ይወስናሉ። እስከዚያ ድረስ ማጭድ ይዞ መግባት በእኛ አገር ከስርቆትም ይብሳል። አባቴ በሞተ በዓመቱ ግን የቤታችን የሣር ጣሪያ ተቀደደ፤ ዝናቡ በቀጥታ የዘር ገብሱ ያለበት ጎታ ላይ ይወርድ ጀመር። እናቴ ሁለት ሳምንት እቃ እየደቀነች ቻለች። አንድ ጠዋት፣ ጉሙ ሰው ከሰው በማያሳይበት ሰዓት፣ ሁለተኛውን ማጭድ ሰጠችኝ። አንድ ሸክም እሷ፣ አንድ ሸክም እኔ ይዘን ወረድን። አዲሱ ሣር እንዳይታወቅ አሮጌውን ከላይ አለበሰችው። እጇ ጎበዝ ነው፤ ያን ቀን ግን ባይሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የኔታ የነፍስ አባታችን ናቸው፤ እኔ ደግሞ አንባቢያቸው ነበርኩ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው እሄድና መጽሐፍ ቅዱሱን እከፍትላቸዋለሁ። አንዱን ክፍል ሦስት ጊዜ ያስነብቡኛል። በመጀመሪያው ማን እንደሚናገር ይጠይቁኛል፤ በሁለተኛው ለማን እንደተነገረ። ከሦስተኛው በኋላ «አንቺንስ ምን አለሽ?» ይሉኛል። ይህችን ጥያቄ እወዳት ነበር። እሳቸው ዘንድ ከመሄዴ በፊት እግዚአብሔር ማለት ለእኔ ዱላ ይዞ እንደሚዞር የጓሳ ጠባቂ ነበር። የኔታ ያንን ሐሳብ በሦስት ዓመት ቀስ አድርገው ከውስጤ አወጡልኝ። ግዝቱ በአንድ እሑድ መለሰው።

ፈራሁ። መብረቅ ሲጮህ ወደ ጣሪያው ቀና ብዬ አያለሁ። በግ ሲሞት በእኔ ነው እላለሁ፤ እናቴ ስታስል በእኔ ነው እላለሁ። ሥጋ ወደሙ ከመቀበል በየሰበቡ ቀረሁ፤ አንዴ ራሴን አመመኝ፣ አንዴ ረስቼ ውኃ ጠጣሁ እያልኩ። ለእናቴ መናገር አልቻልኩም። እሷም ስለ ሣሩ አንድ ቀን አላነሳችም። ለየኔታ ልናገር ብል ደግሞ እናቴን ማጋለጥ ነው፤ ባልናገር እንደተገዘትኩ መቅረቴ ነው። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ እስካሁን አላውቅም።

በመስከረም ሽማግሌዎቹ የኔታ ቤት መጥተው «ሰው መጥቷል? ግዝቱ ይነሣ?» ብለው ሲጠይቁ እዚያው ነበርኩ። የኔታ «ገና ነው» አሉ። እስካሁን አንድም ሰው እንዳልመጣ፣ የሚጠብቁትም እኛን እንደሆነ ገባኝ። መጽሐፉ ከጭኔ ላይ ሊወድቅ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሰው ከአምላኩ ድምፅ ሸሽቶ በገነት ዛፎች መካከል የተደበቀበትን፣ አምላኩም «የት ነህ?» ያለበትን ክፍል አስነበቡኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩ። «አንቺንስ ምን አለሽ?» አሉኝ። «ምንም» አልኳቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብዬ መልሼላቸው አላውቅም። አላስገደዱኝም፤ «ዝጊው» ብቻ አሉኝ።

በኅዳር የኔታ ታመሙ። ደረታቸው ተያዘና ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሊወስዳቸው መኪና ከሞላሌ ከተማ መጣ። ወሬውን ስሰማ ገብስ እየወቃን ነበር። ያስደነገጠኝ የሳቸው ሕመም ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ለመጻፍ አላፍርም ነበር። እኛ ዘንድ ግዝት የሚፈታው የገዘተው ነው ይባላል፤ ሳይፈታ ከሞተ የተገዘተው ታስሮ ይቀራል ይላሉ። መንሹን ጥዬ ሮጥኩ።

የኔታ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው በጋቢ ተጠቅልለዋል። መኪናውን ሰው ከቦታል፤ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። በመስኮቱ አንገቴን አስገብቼ በጆሯቸው «የኔታ፣ ሣሩን ያጨድነው እኛ ነን» አልኳቸው።

«ስንት ሸክም ነበር?» አሉኝ፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል።

«ሁለት። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእናቴ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ» አሉ። መኪናው ሄደ።

እያለቀስኩና እየሳቅኩ አውድማ ደርሼ ለእናቴ ነገርኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ፊቷ አመድ ሆነ።

«አንዱን ሸክም አንቺ እንደተሸከምሽው ነገርሻቸው?»

«አዎ።»

እዚያው ጭዱ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ግዝቱ በተነገረ በሦስተኛው ቀን ነግሬያቸዋለሁ። ሁለቱንም ሸክም ያወረድኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ አታውቅም ብዬ። አንቺ መጽሐፍ የምታነቢላቸው ልጅ ነሽ፤ ስምሽ እንዳይነሣ ብዬ ነው። ያጨድሽው እኔ አዝዤሽ ስለሆነ ኃጢአቱ በእኔ ይሆናል አልኩ። መስቀል ተሳልሜ ዋሸሁ።» ከዚያ እንደ ሕፃን ቀና ብላ አየችኝ። «አሁን እኔን ማን ይፈታኛል?»

ሦስት ወር ሙሉ ብቻዬን ፈርቼ የነበርኩት ፍርሃት አሁን እናቴ ዓይን ውስጥ ነበር፤ ያመጣሁባት ደግሞ እኔ ነኝ። ስልክ እንደውል ብላት «ኑዛዜ በስልክ?» ብላ ተቆጣች። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርን። እናቴ መኪና ያዞራታል፤ ሎሚ እያሸተተች፣ በሌላ እጇ እጄን አንቃ ይዛ ነበር። በየኩርባው «ሳንደርስ ቢያርፉስ?» ትለኛለች። የምላት ሁሉ ውሸት ሊሆን ይችላል፤ ውሸት ደግሞ በቅቶን ነበር።

የኔታ በትራስ ተደግፈው አገኘናቸው። እናቴ አልጋው ሥር ተንበርክካ ሁሉንም ተናገረች። ልውጣ ስል ያዘችኝ። ሰምተው ሲጨርሱ ሊስቁ ሞከሩና ሳሉ።

«ሁለት ሸክም በአንድ ጠዋት? እኔም ሣር ተሸክሜ ነው ያደግሁት። አንድ ሰው ከጓሳ በአንድ ጠዋት ሁለት ሸክም አያወርድም። ውሸትሽን ያን ዕለት ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ራስሽ እውነቱን ይዘሽ እስክትመጪ ብዬ። ስትመለሺ ለሽማግሌዎቹም ራስሽ ትናገሪያለሽ።» ፈቷት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሁለተኛውን ሸክም ማን እንደተሸከመው አውቅ ነበር። በየእሑዱ አጠገቤ ተቀምጠሽ ስታነቢ፣ ይህች ልጅ ሳትናገር፣ እኔም ሳልፈታት ብሞትስ እያልኩ ስፈራ ከረምኩ። መኪናው ሊነሣ ሲልማ ተስፋ ቆርጬ ነበር።»

እሳቸው ይፈራሉ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም ነበር። አለቀስኩ።

መጽሐፉ ራስጌያቸው ነበር። «የዛፎቹን አንብቢልኝ» አሉ። ሦስት ጊዜ አነበብኩ። እናቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች።

«አንቺንስ ምን አለሽ?»

«የት ነሽ አለኝ» አልኳቸው።