ሐጃ ዘሀራ እና የቱርኩ ፍልውሃ

ቀድሞ የመጣብኝ ሽታው ነው። ልጄ ሰናይት ባለፈው በጋ «ዩማ፣ ዛሬ ደስ የሚልሽ ቦታ ነው የምወስድሽ» ብላ ቦክሲ መኪና ላይ አሳፈረችኝ፤ የት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኋትም። ከገዳሪፍ ወጥተን ያን የተሰነጣጠቀ ጥቁር ዋልካ ስናቋርጥ፣ ማሽላው ታጭዶ አገዳው ብቻ ተገትሮ፣ ከፊታችን የድንጋይ ኮረብታ ብቅ አለ። ከዚያ ነፋሱ ዞረ። የገማ እንቁላል፣ እርጥብ ድንጋይ፣ የሌሊት ወፍ ኩስ። አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፈንሁ። ይህን ሽታ ልጅ ሆኜ ትቼው የሄድሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሱ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ኖሯል።

«የቱርክ ሐማም ነው፤ የጥንት መታጠቢያ። ታሪካዊ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ሊያየው ይመጣል» አለችኝ።

አየሁት። ጉልላቱ በግማሽ ተንዷል። በቀረው ግማሽ ላይ ቱርኮቹ ለብርሃን የተዉዋቸው ክብ ክብ ቀዳዳዎች ዛሬም አሉ፤ ፀሐይዋ በነሱ ገብታ እንፋሎቱ ውስጥ እንደ ጣት እየወረደች ውሃውን ትነካለች። ሰናይት ጫማዋን አውልቃ እግሯን ልትነክር ስትል ጮኽሁባት።

«እህል ቀምሰሻል?»

«ዋላሂ ጉድ ነሽ ዩማ! እህልና ውሃን ምን አገናኛቸው?» ብላ ሳቀች።

ሳቋ ጉልላቱ ውስጥ ዞሮ ተመለሰ። ከሳቋ ኋላ፣ እኔ እንጃ፣ የእንጨት ጫማ የሰማሁ መሰለኝ፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ በእርጥብ ድንጋይ ላይ። ክንዷን ይዤ እየጎተትሁ አወጣኋት። መንገዱን ሙሉ ምን እንደሆንሁ ብትጠይቀኝ ሽታው ነው አልኋት። ለሷ ያልነገርኋትን እዚህ ልጻፈው።

ወደዚህ አገር የወረድነው በሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው። እናቴ የሺ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ መልካሙ ነበርን፤ አባታችንን መተማ ሳንደርስ መንገድ ላይ ቀብረነዋል። መጠለያው ከዚሁ ኮረብታ ማዶ ነበር። ራኩባ የሚሉት የሣር ዳስ፣ የሸራ ድንኳን፣ አቧራ፣ ዝንብ፤ ጧት ጧት ደግሞ ከአንዱ ደጅ ለቅሶ አይጠፋም። መልካሙ አራት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ እናቴ ግን እንደ አራስ በአንቀልባ ነው የምታዝለው። ተጨማሪ ገንፎ ለሚታደላቸው ልጆች ምልክት እንዲሆን ዕርዳታ ሰጪዎቹ በእጁ ላይ ቀይ ላስቲክ አስረውለታል። ላስቲኩ ሰፍቶት እስከ ብብቱ ይወጣ ነበር፤ እሱ አምባር መስሎት ሲያሽከረክረው ይውላል። ሌላ ጨዋታ አልነበረውም። ወሬም ትቶ ነበር፤ ስንጠራው በዓይኑ ብቻ ነበር የሚመልስልን።

ስለ ፍልውሃው የነገሩን ከኛ ቀድመው የገቡ ያገራችን ሰዎች ናቸው። ቱርክ ሱዳንን በገዛበት ዘመን ቤት ሠርቶበት ወታደሮቹ ይታጠቡበት ነበር፤ ቁስልም ቁርጥማትም ያድናል አሉን። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። በኛ አገር ከመሬት ፈልቶ የሚወጣ ውሃ ጠበል ነው፤ ሌላ ስም የለውም። አንዲት ጎረቤታችን «የእስላም መታጠቢያ ነው እኮ፤ ቱርክ ነው የሠራው» ብትላት፣

«ቱርክ የሠራው ግድግዳውን ነው» አለቻት። «ውሃውን ያፈለቀው እግዜር ነው። ሰው ግድግዳ ስላቆመበት ጠበልነቱ ይቀራል?»

ያን ጊዜ እናቴ ከቄስ በላይ አዋቂ መሰለችኝ።

የፍልውሃው ቁልፍ በሐጃ ዘሀራ እጅ ነበር። መተማ ተወልዳ ለሱዳን ሰው የተዳረች አሮጊት ናት፤ ባሏ የዚህ ቤት ዘበኛ ነበር፣ ሲሞት ቁልፉ ለሷ ቀረ። ረጅም፣ ደረቅ፣ ከንፈሯ በንቅሳት የጠቆረ። አማርኛዋ የኛው ቆላ አማርኛ ሆኖ ዓረብኛ ጣል ጣል ያለበት ነው። ድንጋዩ ስለሚያዳልጥና ስለሚፋጅ እግሯ ላይ ወፍራም የእንጨት ጫማ ታደርጋለች፤ ከሩቅ ቋ ቋ ስትል የመጠለያው ልጅ ሁሉ ከያለበት ብቅ ይላል። አንዳንዴ ከምትከናነበው ቶቧ ጫፍ ተምር ፈትታ ታድለን ነበርና።

በሩን ከመክፈቷ በፊት ሁልጊዜ ሳንቃውን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ «ደስቱር» ትላለች። ፈቃድ መጠየቋ ነው፤ ውስጥ ያሉትን፣ የማይታዩትን። አንድ ጊዜ እነማን እንደሆኑ ጠየቅኋት።

«ባለቤቶቹ ናቸዋ፣ ቢቲ» አለችኝ። ቢቲ ማለት በሱዳኖች ልጄ ማለት ነው። «ቱርኩ መጣ፣ ሄደ። እንግሊዙ መጣ፣ ሄደ። እኔም መሄዴ ነው። እነሱ እንደሆኑ የሚሄዱበት አገር የላቸው፤ እንደናንተ ድንኳን የሚተክልላቸው የለ!»

ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በሳንቃው ስንጥቅ እንፋሎቱ ወጣ ገባ ሲል ሳየው፣ ከበሩ ወዲያ አንድ ትልቅ ነገር ተኝቶ የሚተነፍስ ይመስለኝ ነበር።

ሐጃ ዘሀራ የማትሽረው አንድ ደንብ ነበራት፤ የራበው ሰው ፍል ውሃ አይገባም። መልካሙን ይዘን መጀመሪያ የሄድን ዕለት ወደ አንቀልባው ጎንበስ ብላ አፉን አሸተተችው።

«ይህ ልጅ እህል አልቀመሰም።»

«በልቷል» አለች እናቴ።

«የኔ እናት፣ የራበው ልጅ አፉ ይናገራል። እኔ ስንቱን ትልቅ ሰው ከዚህ ውሃ ጎትቼ አወጣሁ። ባዶ ሆድ ሙቀቱን አይችለውም፤ ልብን ያጠፋል። መጀመሪያ ይብላ፣ ከዚያ እኔ ውሃውን በቀዝቃዛ በርዤ አስገባልሻለሁ።»

እናቴ ክው አለች። «በልቶ ጠበል? ጠበል እኮ ተጹሞ ነው! ደግሞስ የተበረዘ ጠበል ማንን ያድናል?»

«ጠበል አይደለም። ውሃ ነው።»

«ለርስዎ ውሃ ነው።»

ሐጃ ዘሀራ አልተቆጣችም። ገባ ብላ በጣሳ መዲዳ ይዛ ወጣች፤ ተምር ያለበት የማሽላ አጥሚት ነው፣ ትኩስ። መልካሙ ሽታው ሲደርሰው እጁን ከአንቀልባው አወጣና ዘረጋ። እናቴ ያችን እጅ ቀስ አድርጋ ይዛ ወደ ውስጥ መለሰቻት። በቁጣ አይደለም፤ ይቅር በለኝ የምትለው ይመስል ነበር። ጣሳው ደፉ ላይ እያጨሰ ቀረ፤ እኛም ሳንገባ ተመለስን።

እናቴን አትፍረዱባት። ባሏ፣ በሬዋ፣ ቤቷ፣ ሁሉም ከእጇ ሲወጣ የቀረላት ሥርዓቷ ብቻ ነበር። እሱን ሳታጓድል ከያዘች ልጇ የሚተርፍላት፣ ካጓደለች የሚሞትባት መሰላት። በማግስቱ የመልካሙን ገንፎ ተቀብላ በጨርቅ ሸፍና አኖረችው።

«ከጠበል መልስ ትበላለህ፣ የኔ ጌታ» አለችው።

እሱም በዓይኑ እሺ አላት።

ስንደርስ ሐጃ ዘሀራ የቀትር ሶላቷን ልትሰግድ ከቤቱ ራቅ ወዳለው ግራር ሥር ሄዳ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። እናቴ በባዶ እግሯ ስለነበረች የምታወልቀው ጫማ አጥታ የእግሯን አቧራ አራገፈች፤ አማተበች፤ ገባን። ሳንቃውን የመታ፣ ደስቱር ያለ የለም።

ውስጡ ጭጋግ ነው። ሁለት ገንዳ ነበር፤ አንዱ ሐጃ ዘሀራ እያበረደች ሰው የምታስገባበት፣ ሌላው ከጥግ፣ ውሃው ከድንጋይ ሥር የሚፈላበት ዓይኑ። እናቴ ወደ ዓይኑ ሄደች። በስመ አብ ብላ ልጇን አጠለቀችው።

«እማ ያቃጥላል!»

መልካሙ ነው። ከሰነበተበት ዝምታ ወጥቶ፣ ጥርት አድርጎ፣ እንደ ጤነኛ ልጅ። እናቴ ድምፁን ስትሰማ ደስ አላት። እኔ የማልረሳው ይህን ነው፤ ደስ አላት። እኛ ዘንድ ጠበል ውስጥ ሰው ከጮኸ የሚጮኸው እሱ አይደለም፤ ያደረበት ነው፤ ጠበሉ ሲያቃጥለው ለቅቆ ሊወጣ ነው የሚጮኸው። ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው የኖረችው ነገር ነው። «ውጣ! ልቀቀው!» እያለች ደግማ ነከረችው። ጮኸ። አሁንም ነከረችው። ከዚያ ዝም አለ።

«ለቀቀው!» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። ፊቷ በላብና በእንፋሎት ርሶ ያበራ ነበር።

ቋ ቋ ቋ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ሐጃ ዘሀራ በዚያ በሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ እየሮጠች መጣች። ዛሬ የራሴን ልጆች ባተኮሳቸው ቁጥር፣ በቀትርም ቢሆን ሰው ሁሉ እያወራ፣ ያ ሩጫ ከደጄ ይሰማኛል። ልጁን ከእናቴ እጅ ነጥቃ በበሩ ሥር ካለው ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ አስተኛችው። አፉን በአፏ ነፋችለት፤ ደረቱን አሸችው፤ ጆሮዋን ለጠፈችበት። ብዙ ቆየች። ቀና ስትል እናቴን አየቻት። የእናቴ ፈገግታ ገና ከፊቷ አልወረደም ነበር፤ አሮጊቷ ያን ፈገግታ ትክ ብላ አየችው።

«ከግራሩ ሥር ሆኜ ስታልፉ አይቻችኋለሁ» አለቻት በቀስታ። «አንገቱ ወድቆ ነበር። ነፍሱ የወጣችው በጀርባሽ ላይ ነው፣ የኔ እናት። ውሃው አላገኘውም።»

«ጮኋል እኮ! ተናግሯል!»

«ቤቱ ነው የሚጮኸው። እኔ ስንት ዘመን ስሰማው ኖርሁ። ያንቺን ድምፅ ነው የመለሰልሽ።»

እናቴ ወደ ጉልላቱ ቀና አለች። ጉልላቱ ዝም አለ። ከዚያ ተቀመጠች፤ ቀስ ብላ፣ እንደ ደከመው ሰው፤ ለቅሶዋም ያኔ መጣ።

ሐጃ ዘሀራ መልካሙን ባበረደችው ውሃ አጠበችው። ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ የጆሮውን ኋላ፣ ከአገራችን ጀምሮ ያልለቀቀውን የእግሩን አቧራ። ከሳጥኗ ነጭ ጨርቅ አመጣች፤ ሐጅ የሄዱ ሰዎች ከመካ ይዘውት የሚመጡት፣ ለሞታቸው ቀን የሚያኖሩት የራሷ መገነዣ ነው። በጥርሷ ልትጀምረው ፈልጋ ጥርስ የላትም፤ ለእኔ ሰጠችኝና ነክሼ ቀደድሁላት። በዚያ ሰሞን ሰው የሚቀበረው በጆንያ ነበር። ወንድሜ ግን ከመጠለያው የመጡ ቄስ ፍትሐት አድርሰውለት በነጭ ጨርቅ ተቀበረ።

ሰዉ ሲበተን ሐጃ ዘሀራ እጄን ይዛ ከግድግዳው ጥግ ወሰደችኝ።

«ቢቲ፣ ጩኸቱን ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እኔም ከግራሩ ሥር ሰማሁት። ሶላቴን አቋርጬ የሮጥሁት ለሱ ነው።» እጄን ጠበቅ አደረገችው። «እናትሽ ግን አልሰማችም። አንቺን ማሳደግ አለባት።»

እናቴም አሳደገችኝ። ወደ መፋዛ እርሻዎች ወርደን ሰሊጥ አረመች፣ ጥጥ ለቀመች፣ በሰው ቤት ልብስ አጠበች። ዳረችኝ፤ ልጆቼን አዘለች። የሐጃ ዘሀራን ሞት የሰማነው ዘግይተን ነው። በምን እንደተገነዘች የነገረን ሰው የለም። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እስላም ናት ሳትል፣ እንደ እህቷ አለቀሰችላት። «ያቺ ሴት ስናልፍ አይታዋለች» ትለኝ ነበር፤ ሁልጊዜ እንዲሁ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ።

ልትሞት ስትል ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ነበር። ዓይኗን ገለጠች።

«አንቺም ነበርሽ» አለችኝ። «ቤቱ ነው አይደል የጮኸው?»

ያ ጥርት ያለ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

«አዎ እማ» አልኋት። «ቤቱ ነው።»

እጇን ከእጄ ሳታወጣ እንቅልፍ ወሰዳት።