ለሐውልት የወረደ ሙሾ

ቁሐር ሚካኤል ላይ ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚጠራው ቄስ አልነበረም፤ ይርገዱ ነበረች። ቄሱ የሚመጣው ለሟች ነፍስ ነው፤ ይርገዱ የምትመጣው ለቋሚው ነው። እሷ ገብታ ድምጿን ካልከፈተች ሰውየው መሞቱን ልቡ የሚያምን አልነበረም። ሟቹን አይታው የማታውቅ ብትሆን እንኳ ደጃፍ ላይ ቆማ «ማንን ወለደ? ምን ይወድ ነበር? ከማን ጋር ተኳርፎ ሞተ?» ትላለች። ይኸው ይበቃታል። ሙሾዋ ደግሞ ማሽሞንሞን አያውቅም። ንፉጉን ንፉግ ነበርህ ትለዋለች። ልጆቹ ያፍራሉ፣ ጎረቤት በነጠላው ሥር ይስቃል፣ ከዚያ ያ የሳቀው ሁሉ አብሮ ይነፋረቃል።

ይህን ከለከሏት። «ሙሾ ያወረደ፣ ፊቱን የነጨ፣ ደረቱን የደቃ ከእድር ይሰረዛል» ተብሎ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተለፈፈ። ምክንያቱ ሃይማኖት ነው ተባለ። ሃይማኖት መሆኑስ ይሁን፤ ግን የእድሩ ዳኛ በላቸው ያን ሕግ ለማውጣት የቸኮለው፣ ይርገዱ በአባቱ ለቅሶ ላይ የሽማግሌውን ድንበር ገፊነት በዜማ ስለዘረዘረችው መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ዝም አለ። ዝም ማለት ጨዋነት የሚመስለው ሕዝብ እንዲህ ነው።

ይርገዱም ዝም አለች። ምን ታድርግ? ባሏ ሞቷል፣ ልጅ አልወለደችም። ከእድር ከተሰረዘች ስትሞት ቃሬዛዋን የሚያነሳ፣ ጉድጓዷን የሚቆፍር የለም። የስንቱን ሬሳ ያስለቀሰች ሴት እንደ ወደቀ ከብት ሜዳ ላይ ልትቀር ነው። ስለዚህ ለቅሶ ቤት እየሄደች ጥግ ላይ ትቀመጣለች፤ ሙሾው ጉሮሮዋ ድረስ ይመጣል፤ መልሳ ትውጠዋለች። «ጨጓራዬን የላጠው እሱ ነው» ትላለች።

ታዲያ ጥቅምት ላይ፣ ጎርፉ ጎደል ሲል፣ ድምፅ ማጉያ የጫነች ባጃጅ በጭቃው እየተንደፋደፈች መጣች። «የሀገር መሥራች የሆኑት የታላቁ አባት የአባ ሥነ ኢየሱስ ሐውልት የፊታችን እሁድ በወረታ ከተማ ስለሚመረቅ ሁላችሁም እንድትገኙ!»

ቁሐር ሚካኤል ላይ ሐውልት ማለት መቃብር ላይ የሚቆም ድንጋይ ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። ሰው ይሞታል፣ ይቀበራል፣ ዘመድ አቅም ሲያገኝ ሐውልት ያቆማል፣ ሐውልቱ ሲመረቅ እንደገና ይለቀሳል። እሁድ ሲደርስ ይርገዱ ባቄላና ስንዴዋን ቀቅላ የእዝን ንፍሮ አዘጋጀች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች።

«ሰማሽ ወይ» አላት በላቸው መንገድ ላይ ሲያገኛት፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጭቃውን እየረገጠ። «ዛሬ አፍሽን ይዘሽ!»

«አፌን ከያዝኩት ንፍሮውን በምን ልቅመስልህ?»

«አትቀልጂ ይርገዱ። ሕግ ሕግ ነው።»

ወረታ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ከፊት ክራቫት ያሰሩ ሰዎች በተርታ ተቀምጠዋል። ይርገዱ የሟች ቤተሰብ መሰሏት። ደግሞስ ሌላ ምን ይምሰሏት? ፊታቸው ተኮሳትሯል። ቀጥ ብላ ሄዳ መሐል የተቀመጠውን ታደለን፣ የሐውልት አሠሪ ኮሚቴውን ሰብሳቢ፣ ጎንበስ ብላ ሳመችው።

«እግዜር ያጥናችሁ ልጄ።»

«አሜን እማማ፤ እርስዎንም» አለ ታደለ ደንግጦ።

«ለአባ ምናቸው ነህ?»

«ሰብሳቢ ነኝ።»

«እሱ ይሁን። ምናቸው ነህ?»

«ምናቸውም አይደለሁም።»

«ታዲያ ምነው ከፊት ተቀመጥህ?»

ጎኑ ያሉት ሳቃቸውን አፈኑ። ይርገዱ ንፍሮዋን ዘርግታ አቀረበችላቸው፤ ርቧቸው ስለነበር የመስተንግዶው ክፍል መስሏቸው እየዘገኑ ይበሉ ጀመር። እሷ ግን ሥራዋን አልጨረሰችም።

«ልጅ አልወለዱም?»

«መነኩሴ እኮ ናቸው እማማ!»

«እሺ፣ ምን ሠሩ?»

«ሀገር መሠረቱ።»

«በየት በኩል?»

ታደለ ወደ ጎንደር መንገድ አየ፤ ወደ ደብረ ታቦርም አየ። «በ... በሁሉም በኩል» አለ፣ አፉ ንፍሮ እንደሞላ።

ይኸው ነው። ያን ሁሉ ድንኳን ሲተክሉ፣ ያን ሁሉ ሲሚንቶ ሲያቦኩ፣ ከመሐላቸው አንዱ እንኳ «እኚህ ሰው ምን አደረጉ?» ብሎ አልጠየቀም። በዚያን ቀን የጠየቀችው ለቅሶ ቤት መስሏት የመጣች አሮጊት ናት፤ እሷም የጠየቀችው ለታሪክ ተቆርቁራ አይደለም፤ የሙያ ልማድ ሆኖባት ነው።

ንግግሩ ተነገረ። የማያልቅ ነገር ሁሉ ተነገረ። ከዚያ ሰማያዊውን ሸራ ሊገልጡ ቢጎትቱት ከመነኩሴው መስቀል ላይ ተጠልፎ እምቢ አለ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ክራቫታቸው ወደ ጀርባቸው እስኪዞር ታገሉት። በመጨረሻ ተተርትሮ ወረደ። ጺማቸው ደረታቸው ላይ የተዘረጋ፣ መስቀል ወደ ላይ ያነሱ አባት ብቅ አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እልል አለ።

ይርገዱ ክው አለች። «ለሞተ ሰው ያጨበጭባሉ?»

አጠገቧ የቆመችው ቱርኪያ ናት፤ ሩዟን ሁልጊዜ የምትረከባት የወረታ ባለሱቅ። «እማ ይርገዱ፣ እዚህ ሥር እኮ የተቀበረ ሰው የለም። ለማስታወሻ ያቆሙት ነው።»

«የለም? አባ የት ተቀብረው ነው ታዲያ?»

«አሁን በማይክ ሲሉ አልሰሙም? መቃብራቸው አይታወቅም አሉ።»

«አይታወቅም?»

«አይታወቅም።»

ይርገዱ ወደ ኋላዋ ዞረች። በላቸው ከሰው መሐል ጣቱን እያወዛወዘባት ነው። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ቃሬዛዋን አሰበች፣ ጉድጓዷን አሰበች። ሰው የሞተ እንደሆነ ይቀበራል፤ መቃብሩ ያልታወቀ ሰው ግን... ነጠላው ከአፏ ወጣ።

«ስምዎ ከተማ ነው፣ አጽምዎ ዱር ቀረ፣
ማን አፈር መለሰ? ማንስ አብሮ አደረ?»

ድምጿ እርጅና የሚባል ነገር አልነካውም። ታደለ የዝግጅቱ አንድ ክፍል መስሎት ማይክራፎኑን ይዞ እየሮጠ መጥቶ አፏ ሥር ደቀነላት። ከዚያ ወዲያ መናኸሪያው ድረስ ተሰማ።

«ተሰልፈው የዋሉት ወንበር የደላቸው፣
አባ ምን ሠሩ ቢባል መልሱ ጠፋባቸው።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። የባጃጅ ሾፌሮች ክላክስ ነፉ። ታደለ ማይክራፎኑን ሊነጥቃት እጁን ሰደደ፤ ይርገዱ ግን እንደ ላም ቀንድ ጨብጣዋለች።

«ለአጨዳ የሄደው መተማ፣ ሁመራ፣
ድንጋይ እንኳን የለው ስሙን የሚጠራ።»

ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠ። አንዲት ሴት «ወንድሜን!» ብላ ጮኸች። ሌላዋ ተከተለች። ወጥቶ የቀረ፣ ውኃ የወሰደው፣ የት እንደወደቀ ያልታወቀ የሌለው ቤት በፎገራ ሜዳ ላይ የት አለ? ሕግ ተብሎ ያልተለቀሰላቸው ሁሉ ያን ቀን ተለቀሰላቸው። ታደለ የአጎቱን ልጅ አስታውሶ በክራቫቱ አፍንጫውን ጠረገ። በላቸውም፣ ሁመራ ለሰሊጥ ሄዶ የቀረ ታናሽ ወንድም የነበረው በላቸው፣ ኮቱን ከፍቶ ደረቱን ይደቃ ጀመር።

በሚቀጥለው እሁድ እድሩ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ።

«ሕግ ሕግ ነው» አለ በላቸው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ይርገዱ ሙሾ አውርዳለች። ትሰረዝ።»

ይርገዱ ተነሳች። «ሰርዙኝ። ስትሰርዙ ግን ከላይ ጀምሩ። ደረቱን የደቃ ማን ነበር?»

በላቸው አሳለው። «እኔ አቧራ ሳራግፍ ነው።»

«በዚህ ጭቃ አገር አቧራውን ከየት አመጣኸው?»

ሳቁ ሳያልቅ አንዱ «ማስተዋልስ ፊቷን ነጭታለች» አለ። ማስተዋል ብድግ ብላ «አንተስ መሬት ላይ ስትንከባለል ያነሳሁህ እኔ አይደለሁም?» አለችው። ያ ወደዚያ ጠቆመ፣ ይህ ወደዚህ። ሲጣራ ሲጣራ፣ ደረት ያልደቃ፣ ፊት ያልነጨ፣ ከሕጉ የተረፈ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ፤ አድማሴ። እሱም ያን ቀን በሬው ረግረግ ውስጥ ሰጥሞበት ሲጎትት ስለዋለ ነው።

«እንግዲህ» አለች ይርገዱ፣ «እድሩ የአድማሴ ሆኗል።»

አድማሴ ከጥግ ዘሎ ተነሳ። «ኧረ እኔን አታስገቡኝ! እናንተ ሁላችሁ ከወጣችሁ እኔን ማን ሊሸከመኝ ነው? በሬው?»

በላቸው ኮቱን ቆለፈ፣ ፈታ፣ መልሶ ቆለፈ። ከዚያ ጉዳዩ ለሌላ ስብሰባ ይደር አለ። እስካሁንም እንዳደረ ነው።