ለእማዬ የሚሆን ጫማ

ከጅማ በወጣሁባት ሌሊት እማዬ አላለቀሰችም። ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ፈትታ ሦስት ጊዜ አሰረችና፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ካለው ቤታችን በር ላይ ቆማ «እዚያ አገር ስትገዢ ሻጩን እንዳትጠይቂ፤ አጠገብሽ የቆመችውን ሴትዮ ጠይቂ» አለችኝ። ጃፓን ለምትሄድ ልጅ የተሰጠ ምክር ይኸው ነበር።

እውነቷን ነው። እኛ ጋ ሻጭ ሲጠየቅ «ሁሉም አንደኛ ነው» ይላል፤ እውነቱን የምታወጣው ቲማቲሙን አገላብጣ የተወችው ገበያተኛ ናት። እኔም ናጎያ በገባሁ ሰሞን ሱፐርማርኬት ውስጥ አንዲት ባልቴት አጠገብ ቆሜ፣ የቱ ይሻላል በሚል በእጄ ባመላክታቸው፣ «ሱሚማሴን፣ ሱሚማሴን» እያሉ፣ ይቅርታ ማለት ነው፣ ቅርጫታቸውን ጥለው ሊሸሹ ምንም አልቀራቸውም።

በዕረፍት ቀኔ ቋንቋ የሚያስተምሩኝ ሰንሴይ፣ መምህሬ ማለት ነው፣ ይህን ሲሰሙ ሳቁ።

«የሚጠየቀውማ ሻጩ ነው። ‹ኦሱሱሜ ዋ ናን ዴስ ካ› በይው፤ የቱን ይመክሩኛል ማለት ነው።»

«ሻጭ ለራሱ ዕቃ እንዴት ይመሰክራል?»

«ታዲያ ከእሱ በላይ ማን ያውቀዋል?»

እኔ ግን አላመንኳቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ጨነቀኝ። ለሽያጭ የሚቀርብ ምሳ በምናሽግበት ፋብሪካ አብራኝ የምትሠራ የሊሙ ገነት ከተማ ልጅ አገር ቤት ልትገባ ነውና፣ ከሻንጣዋ የአንድ ጫማ ቦታ ሰጠችኝ። እማዬ እኔ የመረጥኩላት ነገር ደርሷት አያውቅም። ጫማ ቤት ብገባ ግድግዳው ሙሉ ጫማ፣ የምትጠየቅ ሴትዮ የለች። እንደ ምንም ብዬ ጎልማሳውን ሻጭ ኦሱሱሜ አልኩት።

አሁን «ሁሉም አንደኛ ነው» ይለኛል ስል፣ እሱ ራሱ ይጠይቀኝ ጀመር። ለማን ነው? ዕድሜያቸው ስንት ነው? ቁጥራቸውስ? ሁሉንም መለስኩ።

«በቀን ምን ያህል ይራመዳሉ?»

ይህን ግን አላውቅም። ድሮ ሐሙስ ገበያ በእግሯ ነበር የምትመላለሰው፤ አሁንስ? በስልክ የምናወራው ሁልጊዜ ስለ እኔ ብርድ፣ ስለ እኔ ሥራ ነው። አፈርኩ። እዚያው ቆሜ ደወልኩላት።

«እማ፣ ገበያ አሁንም በእግርሽ ነው?»

«ታዲያ በምን ልሄድ ልጄ? እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደ ድሮዬ ነኝ።»

ከወዲያ የጎረቤታችን የፈቲያ ድምፅ ገባ። «ማሎ፣ እባክዎ እማማ፣ ወላሂ ይንገሯት! ከአልጋ እስከ በር በእኔ ትከሻ አይደል እንዴ የሚደርሱት?»

«ዝም በያት» አለችኝ እማዬ፤ ድምፅዋ ቀጠነብኝ።

ሻጩ ሁለት ጫማ ይዞ ይጠብቀኛል። አንዱ ለስላሳ የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ ነው፤ ሌላው የመንገድ። ዓይኔን ጠራረግሁና «ታኩሳን አሩኪማስ» አልኩት። የመንገዱን ጠቀለለልኝ።

«ምን አልሽው?» አለች እማዬ።

«ብዙ ትሄዳለች አልኩት።»

«ደግ አደረግሽ» አለችኝ።